የሰጠመ መርከብ መቃብር ነውን ወይስ መዝገብ?

የሞተውን ሰው ሥጋ ለአፈር ማድረስ በሕይወት ባለው ሰው ላይ የተጣለ ዕዳ ነው። ጦቢት በምርኮ አገር ሳለ የንጉሥን ቍጣ ሳይፈራ የተጣለውን የወገኖቹን ሬሳ እየሰበሰበ ይቀብር ነበር፤ ስለዚህም ሥራው በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደ ሆነ። ዮሴፍም በግብፅ ሲሞት ዐጥንቱን ከዚያ ይዘው እንዲወጡ ወንድሞቹን አምሎአቸው ነበርና ሙሴ አደራውን ፈጽሞ የዮሴፍን ዐጥንት ይዞ ወጣ። እንግዲህ በምድር ላይ ለሞተ ሰው ሥርዐቱ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን መርከቡ ተሰብሮ ከባሕር በታች ስለ ቀረው ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ያ ሰው ሳይቀበር ቀረ ይባላልን? ወይስ ባሕሪቱ ራስዋ መቃብር ሆነችው? ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ሰው ወደዚያ ጥልቅ ወርዶ መርከቡን ቢጐበኝ፥ ዕቃውንም ቢያወጣ፥ መቃብር ሰባሪ ነውን ወይስ የተረሳውን አስታዋሽ?

ይህ ጥያቄ ለደጋ ሰው ምኑ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ፍላቂት በወልድያና በደብረ ታቦር መካከል በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች የመቄት ከተማ ናት። ሰዎችዋ ገብስና ስንዴ ዘርተው፥ በግ አርብተው የሚኖሩ ናቸው እንጂ መረብ የሚጥሉ አይደሉም። ነገር ግን የላስታ ተራራ ውሃ በተከዜ ወርዶ፥ በአትባራ ወደ ዓባይ ገብቶ፥ ከዓባይም ጋር ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይሄዳል። የወሎም ልጆች ብዙዎቹ እንደዚሁ ውሃ እንጀራ ፍለጋ ከደጋው ወደ ቈላው፥ ከቈላው ወደ ጂቡቲ ጠረፍ እየወረዱ ወደ የመን በሚሻገሩ ትንንሽ ጀልባዎች ይሳፈራሉ። ከእነርሱም መካከል ያልተሻገሩ አሉ። ባሕርን በዐይንዋ አይታ የማታውቅ እናት ልጅዋን ባሕር የቀማት ዘመን ነውና ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም።

አስቀድሞ የጠላቂዎቹን ሥራ መረዳት ይገባል። በጥንት ዘመን ወደ ጥልቅ የሚወርድ ሰው ከነሐስ የተሠራ ቍር በራሱ ላይ ደፍቶ፥ አየር በሚያወርድለት ቱቦ ከላይኛው ጀልባ ጋር እንደ ታሰረ ይሠራ ነበር። በ1943 (ዘመኑ የአገር ነው ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የታመቀ አየር በብረት ዕቃ ይዞ በጥልቀቱ ልክ እየመጠነ የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ጠላቂ እስትንፋሱን በጀርባው ተሸክሞ ይወርዳል። ነገር ግን አደጋው አልጠፋም። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የምድርን አየር ክብደት የሚያህል ሌላ ክብደት ይጫነዋል፤ በ30 ሜትር ላይ ክብደቱ በምድር ካለው 4 እጥፍ ነው። በዚህም ክብደት የተነሣ የአየሩ ናይትሮጂን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ሰውዬው ቸኵሎ ቢወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በተከፈተ ጊዜ እንደሚፈላ ያ አየር በደሙ ውስጥ ይፈላል፤ ሽባ ያደርጋል፥ ይገድላልም። ስለዚህ በመንገድ ላይ እየቆመ፥ ቀስ እያለ ይወጣል። በቀዝቃዛው ባሕር ደግሞ ብርዱ የሰውነቱን ሙቀት ፈጥኖ ይገፈዋልና ውሃ የማያስገባ ልብስ ካልለበሰ እጁ ደንዝዞ መሣሪያውን እንኳ መያዝ ይሳነዋል። የሰጠመውን መርከብ ሊጐበኙ ገብተው መውጫው ጠፍቶባቸው ከቀድሞዎቹ ሙታን ጋር የተጨመሩ ብዙዎች ናቸው።

ታዲያ ስለ ምን ይወርዳሉ? ቀዝቃዛው ባሕር የያዘውን ስለሚጠብቅ ነው። በስዊድን አገር ቫሳ የተባለው የንጉሥ መርከብ ነሐሴ 10 ቀን 1628 ከስቶክሆልም ወደብ በተነሣ ጊዜ ጥቂት እንደ ሄደ ነፋስ አጋድሎት በከተማው ሕዝብ ፊት ሰጠመ። የዚያ ባሕር ጨው ጥቂት ስለ ሆነ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትም። ስለዚህ በሚያዝያ 1961 መርከቡ ከ333 ዓመት በኋላ ሲወጣ ቅርጹ ሳይፈርስ፥ የተቀረጹት ምስሎች እንኳ ሳይጠፉ ተገኘ። እንዲህ ያለው መርከብ በአንድ ሰዓት ላይ የቆመ ቀን ማለት ነው። ጫማው፥ ማንኪያው፥ ማበጠሪያው ባለቤቱ በተዋቸው ቦታ ይገኛሉ። የነገሥታት ታሪክ የማይጽፈው የድኻ መርከበኛ ኑሮ በዚያ ተጽፎ ይነበባል። ደጋፊዎቹ «መቃብር ሳይሆን መዝገብ ነው» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ፊተኛው አሳብ ግን «የተኛውን አትቀስቅሱ» የሚል ነው። ሮያል ኦክ የተባለው የእንግሊዝ ጦር መርከብ ጥቅምት 14 ቀን 1939 በስኮትላንድ ሰሜን በስካፓ ፍሎው ወደብ ሳለ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ሰጠመ፤ 835 ሰዎች ሞቱ። መንግሥቱም ያን ቦታ የጦር መቃብር አድርጎ ያለ ፈቃድ ማንም እንዳይወርድበት ከለከለ። በየዓመቱ ግን የባሕር ኃይሉ ጠላቂዎች ወርደው ሰንደቅ ዓላማ ያኖሩበታል። ከዚህ አንድ ነገር ማስተዋል ይቻላል፤ መቃብሩን የሚያከብሩትም ሰዎች መውረዳቸው አልቀረም፥ ነገር ግን የሚወርዱት ሊሰጡ ነው እንጂ ሊወስዱ አይደለም።

ኤስቶኒያ የተባለችው መርከብ መስከረም 28 ቀን 1994 በባልቲክ ባሕር ስትሰጥም 852 ሰዎች አልቀዋል። ስዊድን፥ ፊንላንድና ኤስቶኒያ በ1995 ተዋውለው ቦታው የሙታን ማረፊያ ሆኖ እንዲከበር ወሰኑ። ዳሩ ግን የሟቾቹ ዘመዶች ራሳቸው ባንድ ልብ አልሆኑም። ገሚሶቹ «በሰላም ይረፉ» ሲሉ፥ ገሚሶቹ «ሬሳችን ይውጣልን፥ መርከቢቱም ስለ ምን እንደ ሰጠመች ይታወቅ» ብለው ጮኹ። በ2020 የታዩ የጥልቅ ባሕር ፊልሞች በመርከቢቱ ጎን ላይ ቀዳዳ መኖሩን ስለ ገለጡ መንግሥታቱ ክልከላውን አላልተው ምርመራውን እንደ ገና ጀመሩ። እንግዲህ «አትንኩ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከአክብሮት ብቻ የሚወጣ እንዳልሆነ ይታያል። ዝምታ ለሙታን ዕረፍት ሊሆን ይችላል፤ ለሕያዋን በደል መሸፈኛም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የልብ አሳብ ነው።

ሁለተኛው አሳብ በሜሪ ሮዝ ታሪክ ይገለጣል። ይህች መርከብ ሐምሌ 19 ቀን 1545 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እያየ ከፈረንሳይ መርከቦች ጋር ልትዋጋ ስትወጣ ሰጠመች። ከ500 ያህል ሰዎች 35 እንኳ አልዳኑም። ጠላቂዎች ብዙ ዓመት በጭቃው ውስጥ ከሠሩ በኋላ በጥቅምት 1982 አካልዋን አወጡ። ከ19,000 የሚበልጥ ዕቃና ቢያንስ የ179 ሰዎች ዐጥንት ተገኘ። የሐኪሙ ሣጥን ከነመድኃኒቱ፥ የቀስተኞቹ ቀስት፥ የጸሎት መቍጠሪያም ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ግን ለካህናት ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በሐምሌ 1984 ስሙ ያልታወቀ የአንዱ መርከበኛ ዐጥንት በፖርትስማውዝ ካቴድራል ተቀበረ። ጸሎቱም የተደረሰለት ከ439 ዓመት በፊት ሟቹ ራሱ ያውቀው በነበረው ሥርዐት ነበር። ስሙ፥ ዘመዱ፥ ማዕርጉ አልታወቀም፤ ሰውና ክርስቲያን መሆኑ ግን በቃ። አንዱ ስለ ሁሉ ተቀበረ። የቀሩት ዐጥንቶች ለምርምር ተቀመጡና እዚህ ላይ ጥያቄው እንደ ገና ይነሣል፤ ስለ አንዱ የታመነው ክብር ስለ ቀሩት የማይታመነው ስለ ምንድን ነው?

የቫሳ መርከብ ሙታንም ታሪካቸው እንዲሁ ነው። ዐጥንታቸው በ1963 በክብር ከተቀበረ በኋላ በ1989 ለምርምር ተቈፍሮ ወጣ፥ ለሕዝብም ታየ። ይህን የሚሰማ የአገራችን ሰው «ፈረንጅ ሙት አያከብርም» ብሎ ቢፈርድ ከመፍረዱ በፊት ወደ ላስታ ይመልከት። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ፥ ከሩቅ አገር መጥተው በዚያ እንዳረፉ የሚነገርላቸው የብዙ ሰዎች ሬሳና ዐጥንት ሳይቀበር ተከምሮ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በውሃ ላይ እንደ ታነጸ በትውፊት ይነገራል። ተሳላሚው ይሳለማል፥ አገር ጐብኚውም ፎቶግራፍ ያነሣል። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ዐጥንት ነው። አንዱ ግን አይቶ ሞቱን ያስባል፥ ስለ ሙታኑም ይጸልያል፤ ሌላው አይቶ የጕዞውን ትዝታ ያከማቻል። ስለዚህ ነውሩ በማየት ላይ አይደለም፤ ዐይን ካየ በኋላ ልብ በሚያደርገው ላይ ነው።

ከፍላቂት ሩቅ ያልሆነው የደላንታ ሜዳ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1860 ዓመተ ምሕረት መቅደላ በወደቀች ጊዜ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ንዋየ ቅድሳትና የብራና መጽሐፍ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ በሽሎን ከተሻገረ በኋላ በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሐራጅ አቆመ። የሽያጩም ገንዘብ ወደ 5,000 ፓውንድ ሆኖ ለወታደሮቹ ተከፈለ። ዛሬ «ታሪክን ጠበቅን» የሚሉ ቤተ መዘክሮች ከዚያ ሐራጅ የተገዛውን ይዘዋል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። ዐጥንቱ ወደ አገሩ እንዲመለስ በተለመነ ጊዜ በ2023 የተሰጠው መልስ ልዑሉን ለማውጣት ሲባል በአጠገቡ የተኙት የሌሎች ሙታን ዕረፍት ይታወካል የሚል ነበር። ለሙታን ዕረፍት መጨነቅ መልካም ነው። ነገር ግን ሕያው ሕፃን ከአገሩ ሲወሰድ፥ የሙታን ነገሥታት ንብረትም በሜዳ ላይ ሲሸጥ ያልታየ ጭንቀት፥ መልሱ በተጠየቀ ጊዜ ብቻ ቢታይ ሰሚው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

እንግዲህ መለያው ምንድን ነው? በነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ ውስጥ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ከዮርዳኖስ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ሰውዬው የጮኸው ብረቱ ውድ ስለ ሆነ አልነበረም፤ የተዋሰው የሰው ገንዘብ ስለ ነበረ ነው። ነቢዩም ብረቱን ከጥልቅ አንሳፍፎ አስወጣለት፤ ይኸውም ለባለቤቱ እንዲመለስ ነው። አካን ወልደ ከርሚ ግን ከተከለከለው ዕቃ ወስዶ በድንኳኑ ውስጥ በቀበረ ጊዜ በእስራኤል ሁሉ ላይ መቅሠፍት አመጣ። ሁለቱም ተሰውሮ የነበረ ዕቃ ናቸው፤ አንዱ ለመመለስ ወጣ፥ ሌላው ለመሰወር ተወሰደ። ስለዚህ ከጥልቅ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ባለዕዳ ነው። ያወጣውን ለማን ይመልሳል? ዐጥንት ከሆነ ለመቃብርና ለጸሎት፥ ዕቃ ከሆነ ለባለቤቱ ወይም ለወገኑ፥ ዕውቀት ከሆነ ለሰው ሁሉ ይመልስ። ለኪሱና ለዝናው ብቻ የሚያስቀር ግን ወርዶ የሰረቀ ነው። በኤዲንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የነበረው የመቅደላ ታቦት በ2002 ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ያገኘው ቄስ የሠራው ሥራ የኤልሳዕን የመሰለ ነው። የዓለም መንግሥታትም በ2001 በዩኔስኮ በተስማሙበት ውል ከ100 ዓመት በላይ በውሃ ውስጥ የኖረ ቅርስ አስቀድሞ ባለበት ይጠበቅ፥ ለንግድ አይውጣ፥ የሰው ዐጥንትም ይከበር ብለው ጽፈዋል።

ይህ መለያ ቀላል ቢመስልም እጅግ የሚፈተንበት ሌላ መርከብ አለ። ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ከሊቢያ ጠረፍ የተነሣ፥ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ስደተኞች የተጨናነቁበት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ በሜዲቴራኒያን ባሕር ሰጠመ። ከ700 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። የኢጣልያ መንግሥት በ2016 ያን ጀልባ 370 ሜትር ያህል ከሚሆን ጥልቀት አስወጥቶ ወደ ሲሲሊያ ወሰደው፤ ሐኪሞችም እያንዳንዱን ሬሳ በስሙ ለማወቅ ደከሙ። አንዱ የ14 ዓመት ያህል ልጅ የትምህርት ቤት ውጤቱን የያዘውን ወረቀት ከልብሱ ጋር ሰፍቶት ተገኘ። ከሌላ የስደተኛ ሬሳም ላይ የአገሩ አፈር በጨርቅ ተቋጥሮ ተገኘ። በስማቸው የታወቁት ግን ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ያው ጀልባ በ2019 ወደ ቬኒስ ከተማ ተወስዶ በሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ቆመ። ብዙ ሰዎች በአጠገቡ ቡና እየጠጡ አለፉ፥ ፎቶግራፍም ተነሡበት። ትርኢቱን ያቀረቡት «ሕዝብ እንዳይረሳ ነው» አሉ፤ የተቃወሙት ደግሞ «መቃብር አደባባይ ላይ አይቆምም» አሉ። አንዱ ጀልባ በሦስት ዓመት ውስጥ የጦቢት ሥራም የደላንታ ሐራጅም የሚመስል ነገር ተደረገበት።

እዚህ ላይ ጽኑ ክርክር የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። «ሙታንን ለማውጣት የሚፈሰው ገንዘብ ሕያዋንን ከመስጠም ቢያድን አይሻልምን? ሙታን በመጨረሻው ቀን ከምድርም ከባሕርም ይነሣሉ፤ ፈጣሪ ዐጥንታቸው የት እንዳለ አይጠፋበትም» ይላል። ከዚህ ቃል የሚበዛው እውነት ነው። ትንሣኤ ሙታን በመቃብር ቦታ አይወሰንም፤ ሕያውን ማዳንም ሙትን ከመቅበር ይቀድማል። ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ረስቷል። ሙታኑን የማይቈጥር ሕዝብ ሕያዋኑንም መቍጠር ይተዋል። በጥር 2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 90 ሰዎችን እንደ ያዘ ከቤይሩት ተነሥቶ በባሕር ላይ በወደቀ ጊዜ የብዙ አገር መርከቦችና ጠላቂዎች ተሰማርተው ሬሳውንና የአደጋውን ምክንያት የሚገልጠውን ሣጥን ፈለጉ፤ እንዲህ ማድረግም የተገባ ነበር። በነሐሴ 2025 ግን በየመን በአብያን ጠረፍ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞች የተሳፈሩበት ጀልባ ተገልብጦ ከ90 የሚበልጡ ሲሞቱ ማዕበል ወደ አሸዋው ያወጣውን ሬሳ የአገሩ ሰዎች ቀበሩት፤ የቀረው ቀረ። የአውሮፕላኑ መንገደኞች ስም በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ የጀልባዎቹ ግን በማንም አልተጻፈም። ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ሲጠፉ የሚጐድል ቍጥር የለምና ሌላ ጀልባ እንዳይነሣ የሚያስጨንቀውም ጥቂት ነው። ሙታንን መጠየቅ ለሕያዋን ጥበቃ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስም የሌላቸውን እንግዶች የቀበሩት የየመን ሰዎችም ሳይነገርላቸው የጦቢት ወንድሞች ናቸው።

ሬሳ ያልመጣለት የደጋው ቤተሰብ ሐዘኑ ከሌላው የተለየ ነው። መርዶው በስልክ ይመጣል፤ ለቅሶውም በልብሱና በፎቶግራፉ ፊት ይለቀሳል። አንዳንዱም መርዶው እርግጥ ስላልሆነ ዓመት ሙሉ «ታስሮ ይሆናል፥ ይመጣል» እያለ ማልቀስም ተስፋ ማድረግም ተስኖት ይቀመጣል። የባሕር መቃብር ክፋቱ ይህ ነው፤ የሟቹን ሥጋ ብቻ ሳይሆን የሐዘንተኛውንም ልብ ተንጠልጥሎ ያስቀራል። የሜሪ ሮዝ ጠላቂዎች ከጭቃ ውስጥ የፈለጉት፥ የኢጣልያ ሐኪሞችም ከጀልባው ሆድ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፥ ይኸውም «ይህ ማን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ስም ነው።

ይህም ስም ከባሕር በታች ብቻ የሚገኝ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የሞተውን ሰው በፍትሐት ጊዜ የምታስበው በክርስትና ስሙ ነው፤ ያን ስም የሚያውቁት ደግሞ ወላጆቹና የነፍስ አባቱ ናቸው። በውጭ አገር ያሉ ጠቢባን ብዙ ገንዘብ አፍስሰው፥ ብርዱንና ጥልቀቱን ተቋቍመው የሚፈልጉት ነገር በፍላቂትና በዙሪያዋ ባለው አጥቢያ ሁሉ በአንድ ቄስ ልብ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ነገር ግን ልብ ይረሳል፥ ቄስም ይሞታል። እያንዳንዱ አጥቢያ ወደ ባሕር ማዶ የሄዱትን ልጆች ስም፥ የሄዱበትን ቀን፥ የወላጆቻቸውን ስም በመዝገብ ቢጽፍ፥ ሬሳ በሩቅ ጠረፍ በተገኘ ጊዜ መጠየቂያ፥ ሬሳ ባልተገኘም ጊዜ መጸለያ ይሆናል። ከዚያም ይልቅ ስሙ ሲጻፍለት «የምትሄድበት መንገድ ይህን ይመስላል» ብሎ የሚመክረው ሰው ለሚያገኝ ወጣት ምናልባት መመለሻ ይሆንለታል።

እንግዲህ የሰጠመ መርከብ መቃብር ነውን ወይስ መዝገብ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለቱንም ነው የሚል ነው። ሊጸልይ፥ ሊቀብር፥ ሊማር፥ ሊመልስ ለሚወርድ ሰው ሁለቱም ይገለጡለታል፤ ሊዘርፍ ወይም ሊመጻደቅ ለሚወርድ ግን መቃብሩ ይረክሳል፥ መዝገቡም ይዘጋበታል። ጠልቆ መውረድ የማይችለው የደጋ ሰውም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም። ለእርሱ የተመደበው ሥራ ከመርከቡ አስቀድሞ በመንደሩ የሚሠራ ነው፤ የሚሄደውን መቍጠር፥ የጠፋውን መጠየቅ፥ የሞተውን በስሙ ማሰብ። ይህን ለማድረግ ብራናና ቀለም ይበቃል። በባሕርም በየብስም የተኙትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ለሕያዋኑ የማይረሳ ልብ ይስጥ።